የጣሪያው መርዶ

ዱብቲ፣ ኅዳር 4 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለወይዘሮ ስንቅነሽ፣ አዋሽ ጣቢያ።

እንደምን ሰነበትሽ? እኔስ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ ብዕሬ እምቢ አለኝ። እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ ቆመሽ አትስሚው፤ ተቀመጪ። ጎረቤት ካለ ጥሪና አጠገብሽ አስቀምጪ። ነጠላሽንም አዘቅዝቂ። ፈጣሪ የሰጠውን ፈጣሪ ይወስዳል፤ ከዚህ ያመለጠ የለም። ትናንት ቀትር ላይ፣ ገና በለጋ ዕድሜው፣ ስንት ተስፋ የጣልንበት፣ ቤት ያሞቀልን፣ ለማንም ክፉ ያልተናገረ፣ በድንገት ከመካከላችን ተለየ። እንኳን እኛ አፋሮቹም ራሳቸውን ይዘው አዘኑለት። ቀብሩ አልተፈጸመም፤ ሬሳው ገና ተለቅሞ አላለቀም። አይዞሽ፣ በርቺ። ከዚህ በላይ ለመጻፍ አንጀቴ አልቻለም።

(ወረቀቱን ገልብጪው።)

ጣሪያችን! ጣሪያችን ነው የሞተው እትዬ፤ ሌላ ማንም አልሞተም። ደንግጠሽ ከነበረ እሰየው፤ ደብዳቤዬን እስከ ታች እንድታስነብቢ ሌላ ዘዴ አጥቼ ነው። ባለፈው የላክሁትን አቶ መለሰ ግማሹን አንብቦ «ባቡር ደረሰብኝ» ብሎሽ እንደሄደ አንቺው አይደለሽም ያስጻፍሽልኝ? አቶ መለሰ፣ ይኼን አሁን እርስዎ እያነበቡት እንደሆነ አውቃለሁ። ትኬት መቁረጥ ሥራዎ ነው፤ ደብዳቤ መቁረጥን ግን ማን አዘዘዎት?

ጥያቄዎችሽን ልመልስ። ባልሽ ይበላል ወይ? ይበላል፤ የእኔንም ይጨምርበታል። ንዳዱስ? ይዞት ነበር፤ ከእሱ ጋር መኖር ቢሰለቸው ለቀቀው። ለምን በስሙ አያስጽፍልኝም? እኔ ልጻፍልህ ስለው «ያንተን ቀልድ በእኔ ስም ልታደርስ ነው፤ ይቅርብኝ» ይለኛል። ጋሼ ጌጡን ታውቂው የለ፤ አንድ ቃል ለማውጣት እንደ ጥጥ ለቃሚ መጀመሪያ እሾሁን ያያል።

ያሳቀኝ የመጨረሻው ጥያቄሽ ነው። ሰው ከፀሐይ በሚሸሽበት አገር እናንተ ጣሪያ የምታሞቁት አብዳችሁ ነው ወይ ብለሻል። ሀምዳም በየቀኑ የሚጠይቀን ይኼንኑ ነው። ሀምዳ ግመሎቹን ከቦያችን የሚያጠጣ የአፋር ጎረቤታችን ነው። «ወላሂ እናንተ ሐበሾች! ይቺ ፀሐይ አነሰቻችሁ?» ይልና ጥርሱን እየፋቀ ይቀመጣል፤ ትያትር ቤት የገባ ይመስላል።

ነገሩ የጀመረው በሻማ ነው። ጋሼ ጌጡ በማደሪያችን ጣሪያ ቆርቆሮና ከሥሩ በተወጠረው ጆንያ መካከል ሻማ ደብቆ ነበር። ከማን ይደብቃል? ከእኔ ነዋ! ቀትር ላይ ሲፈልገው ሻማው እንደ ሰካራም ታጥፎ ተኝቷል። እጁን እዚያው ከተተና ቶሎ አላወጣውም። «እሸቴ» አለኝ፣ «ጭስ የሌለው እሳት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬው ሁሉ ስለ እናቱ ሆነ። አማትሽ እማማ ሸጊቱ በዚያ በደላንታ ውርጭ ስትስል እንደምታድር ታውቂያለሽ። እሳት ብታነድ ጭሱ ዓይኗን፣ ባታነድ ብርዱ ደረቷን። «ፀሐይ ደላንታም አለች፤ ወደ ቤት አትገባም እንጂ» ይላል ባልሽ።

እዚህ ሞክረን እዚያ ልንሠራ ተስማማን። ከቦዩ ዳር ጎጆ አቆምን። አሮጌ ቆርቆሮ ለቃቅመን ከትራክተር በወጣ የተቃጠለ ዘይትና በጥቀርሻ አጠቆርነው፤ ጥቁር ነገር ፀሐይ ይጠጣል። ከቆርቆሮው ሥር አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገን ሰሌን ወጠርንና በጭቃ መረግነው። ዋናዋ እንግዲህ በመካከል ያለችው ያቺ ስንዝር ናት። ከታች በኩል አፏን ከፈትንላት። አየሩ በዚያ ይገባል፣ እየሞቀ ሽቅብ ይወጣል፣ ከጫፍ ላይ በቧንቧ ወደ ቤት ይወርዳል አልን። መች ወርዶ! ሙቅ አየር እንደ ሹመኛ ነው፤ አንዴ ወደ ላይ ከወጣ ታች ያለውን አያውቅም።

ጋሼ ጌጡ ሲያስብ ሰነበተ። ከዚያ ባዶ በርሜሎች ታችና ላያቸውን ቆርጦ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደራርቦ አቆመ፤ እግሩ ከቤቱ ወለል አጠገብ፣ ራሱ ከጣሪያው በላይ። በርሜሉ ፀሐይ ሲመታው ይግልና ከታች ያለውን ቀዝቃዛ አየር እየሳበ ያወጣል፤ ቤቱም ባዶውን እንዳይቀር የጣሪያውን ሙቀት ይስባል። ሠራ እትዬ! የሰፈሩን በርበሬ አሰጣንበት። ሜዳ ላይ እንደተሰጣው አልነጣ፣ አቧራ አልነካው፣ ፍየል አልቀመሰው፤ ቀለሙ ደም መሰለ። ሀምዳ እንኳ ገብቶ ነጠላውን እያራገበ ወጣና «ጀሀነምን በትንሹ ሠራችሁት» አለ። ባልሽ ሳቀ። ምስክር አለኝ።

ታዲያ ያንን የታች አፉን ነፋስ በሚመጣበት በኩል ከፍተነው ኖሯል። ትናንት አውሎ ነፋስ መጣና በዚያው ገባ። ጣሪያው ተነፋ፣ ተነሣ፣ ሄደ። ገሚሱን ከቦዩ አወጣነው፤ አንዱ ቆርቆሮ ከሀምዳ ግመል ፊት ወድቆ ግመሏ እስካሁን ወደ እኛ አታይም፤ ሌላው ሰመራ ወደሚባለው ባዶ ሜዳ ሲበር ታየ። እዚያ ድንጋይና ነፋስ እንጂ ሰው የለ፤ ምናልባት ሄዶ ከተማ ይቆረቁር ይሆናል።

ጋሼ ጌጡ አሁንም ሚስማር ሲያቀና ነው። ይህን የሚያደርስልሽ አብዱሰላም ነው፣ የጥጥ እርሻችን የላንድሮቨር ሾፌር። በገዋኔ በኩል ይመጣል፤ ዳቦሽን አቅምሺው።

ሐዘንተኛው ወንድምሽ እሸቴ።


አዋሽ ጣቢያ፣ ኅዳር 11 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለእሸቴ።

እግዚአብሔር ያጽናህ። ብቻህን ሆነህ እንዴት ቻልከው? እኔ እንኳ ሰው ከብቦኛል።

ደብዳቤህን አብዱሰላም ከሰዓት በኋላ ሰጥቶኝ ወደ ናዝሬት አለፈ። አቶ መለሰ ዘንድ ወሰድኩት። ከፈተ፣ ዓይኑ ትንሽ ወረደ፣ ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ምን አለ?» ስለው «ሰላምታ ነው፤ ባቡር ደረሰብኝ፣ ነገ አነብልሻለሁ» አለኝ። እኔም ተመለስኩ። መንገድ ላይ ነው የዚያን ቀን ባቡር እንደሌለ ትዝ ያለኝ። ዳቦዬን ግን ጋገርኩ። ምን ልሁን፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ነበር።

ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። የማኅበራችን ሰዎች፣ የጣቢያው ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። አቶ መለሰ ከኋላ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተው ታውቀዋለህ። ጸጉሬን ተላጭቻለሁ።

ደብዳቤውን አንብቡልኝ ብላቸው ማንም እሺ አላለኝ። መርዶ አይነበብም አሉ። አቶ መለሰም ከመጀመሪያው ገጽ እንዳላለፈና ማለፍም እንዳልቻለ ማለልኝ። ሬሳው ተለቅሞ አላለቀም ማለትህን ግን አንዷ ከአፏ አምልጧት ሰማሁ። እሸቴ፣ ምን አገኘው? ማሽን ነው? አዞ ነው? ወይስ ያን ጣሪያ ሲሠራ ወድቆ ነው? በእናታችን አጥንት፣ አንዱንም ሳትደብቅ ጻፍልኝ። ካህን ነበረ? እግሩ ላይ ያለው ቁስል ድኖለት ነበር? ስሜን ጠራ ወይ? ካልጠራም ጠራ ብለህ እንዳትጽፍ።

ስለ እናቱ እንዲህ ወስነናል። አንድያ ልጇ ነው፤ ከሰው አፍ በመንገድ እንዳትሰማ የአጎቱ ልጅ በላይ እንዲሄድ ተስማማን። ባቡሩ ላይ ፍሬን የሚይዘው፣ ታውቀዋለህ። ፈቃድ እንዳገኘ በአዲስ አበባ አድርጎ፣ ከደሴ በቅሎ ተከራይቶ ደላንታ ይገባል። የደረቷን ነገር ሳስበው ይኼን ሐዘን የምትችለው አይመስለኝም። ግን ሳትሰማ መቅረትም አይሆንም።

እውነቱን ልንገርህ። ቀልደኛ ነህና፣ ምነው ይኼም ከቀልዱ አንዱ በሆነ ብዬ ተመኝቼ ነበር። በኋላ ግን በዚህ ማንም አይቀልድም ብዬ ተውኩት።

እህትህ ስንቅነሽ።

(ጸሐፊው መለሰ፦ እኔም እግዚአብሔር ያጽናህ እላለሁ። የሟቹ ልብስ ካለ በአብዱሰላም ይላክ።)


ዱብቲ፣ ኅዳር 16 ቀን 1959 ዓ.ም.

አቶ መለሰ! ከኪስዎ ያውጡትና ይገልብጡት! አሁኑኑ፣ ይኼን ማንበብዎን ሳይቀጥሉ፣ ይገልብጡት!

እትዬ፣ ጋሼ ጌጡ አለ። በሕይወት አለ። አሁን ከፊቴ ተቀምጧል። የሞተው ጣሪያ ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ። ከገጹ ጀርባ ተጽፏል። የተለቀመውም ቆርቆሮ ነው። አዞ የለም፣ ማሽን የለም፣ የወደቀ ሰው የለም። እግሩ ላይ ያለው ቁስልም ድኗል።

እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። እኔን ማን ያምናል? ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው፣ ወይ ሐዘን አናቱ ላይ ወጥቶ ነው ትያለሽ። ስለዚህ ጋሼ ጌጡን ከአንቺና ከእሱ በቀር ማንም የማያውቀውን ንገረኝ ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለ፤ ሠፈሩ ሁሉ ለመነው፤ በመጨረሻ እንዲህ ሲል ጆሮው ቀላ። አዋሽ በገባችሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ ጭቃ ረግጦ መጥቶ፣ የመታጠቢያ ውኃ መስሎት እግሩን ሊጥሽ ውስጥ ከትቷል። አንቺም አልደፋሽውም። ጋገርሽው፤ ጣቢያ ወስደሽ ሸጥሽው። «ማንም እንዳይሰማ» ብለሽ አስምለሽዋል። ይኸው መሐላው ፈረሰ። አቶ መለሰ፣ እርስዎ በዚያ ክረምት አዋሽ አልነበሩም ብዬ ልመን።

ደብዳቤሽ የደረሰን ከጥጥ ለቀማ ስንመለስ ነው። እያነበብኩለት ምን እንደሆነ ገባኝ፣ ግን ማቆም አልቻልኩም። ጋሼ ጌጡ «ተላጨች?» አለ። አንድ ጥፊ እንኳ ቢያቀምሰኝ ደስ ባለኝ ነበር። ተነሥቶ ሚስማር ማቃናቱን ቀጠለ። ከዚያ መዶሻውን አስቀመጠና «እናቴ» አለ።

ሮጦ ሊሄድ ነበር። የያዘው ሀምዳ ነው። «አብሽር፤ ቁጭ በል» አለው። «የሞተ ሰው በእግሩ ወደ እናቱ አይገባም። እናትህን በኀዘን ባትገድላት በደስታ ትገድላታለህ። ሰው ከፊት ይላክ፤ ቀስ አድርጎ የሚነግር።» የእኛዎቹ ሽማግሌዎችም እውነት ነው አሉ፤ የምሥራችም እንደ መርዶ መንገድ አለው አሉ። «ታዲያ ማን ይሂድ?» ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም አልነበረም።

ነገ በአሰብ ጭነት መኪና በባቲ በኩል እንወጣለን፣ ሁለታችንም። ጋሼ ጌጡ ደሴ አጎታችን ሀብተ ሥላሴ ዘንድ ይቆያል፤ እኔ ደላንታ እቀድማለሁ። በላይ ከዚያ ካልተነሣ በእግዚአብሔር ስም ያዙት፤ ባቡሩ ፍሬን የሚይዘውን ሰው አንቺ ያዥው። (ይኼ ቀልድ ሆነብኝ፤ ልሰርዘው ነበር፣ ወረቀቱ ቆሸሸ።)

ባልሽ ጥቁሮቹን ቆርቆሮዎች ጠቅልሎ አስሯል። «አሁን ይኼ ምን ያደርጋል? ከሰማችስ?» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ያናገረኝ ያኔ ብቻ ነው። «ሰማችም አልሰማችም ብርዱ አለ» አለኝ።

ደብዳቤ በአጎታችን ቤት ይደርሰኛል።

እሸቴ።


ደሴ፣ ኅዳር 20 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ።

በላይ ቀድሞናል። ትናንት ጠዋት በቅሎ ይዞ ከዚህ ተነሥቷል።

ይኼን ለመንገር ሳይሆን ሌላውን ለመንገር ነው የምጽፈው። አጎታችን ቤት የገባነው ሲመሻሽ ነው። በላይ እዚህ አድሮ ነግሯቸው ኖሮ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆኗል። እኔ ልቅደምና ልናገር አልኩ፤ ግን በሩን የከፈተችው የአጎታችን ሚስት እትዬ አስካለማርያም ናት፤ ያየችው ደግሞ እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ጥቁር ቆርቆሮ ተሸክሞ የቆመውን ጋሼ ጌጡን ነው። ቁልቁል ሄደች፣ ልክ ገመዱ እንደተቆረጠ ጆንያ። ውኃ ደፋንባት፣ ክብሪት ጭረን አሸተትናት። ዓይኗን ስትገልጥ እሱን ታይና ትመለሳለች። ዛሬም አልጋ ላይ ናት።

እትዬ አስካለማርያም ማገዶ ከገደል የምትሸከም ሴት ናት። እማማ ሸጊቱ ደግሞ ከደጅ እስከ ጓዳ ስትሄድ መሐል ላይ የምታርፍ። ጋሼ ጌጡ የተጋደመችውን ሴት ሲያይ አመሸ። ምን እንደሚያስብ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ጭነት መኪናው ላይ፣ ባቲ ላይ፣ ሐይቅ መገንጠያው ላይ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ሰው ላይ እየሞከርኩ መጣሁ። «አንድ ሰው ሞተ ተብሎ ሳይሞት ቢቀር» ብዬ ስጀምር ሰዉ መሳቅ ይጀምራል። ፊቴ ነው መሰለኝ። ሌላ ፊት ከየት ላምጣ?

ገና ሳይነጋ እወጣለሁ።

እሸቴ።


አዋሽ ጣቢያ፣ ኅዳር 23 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለእሸቴ።

የዱብቲው ደብዳቤህ ደርሶኛል። ገጹም ተገልብጧል።

ሊጡን ስሰማ ሳቅኩ። ሰው ፊት፣ በለቅሶ ልብሴ፣ ከት ብዬ ሳቅኩ፤ አበደች ብለው ያዙኝ። ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ። ሞተ ያሉኝ ቀን እንዲያ አላለቀስኩም።

ላስተዛዘኑኝ ሰዎች ምን እንደምላቸው አላውቅም። አንዳንዶቹ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይሉና ቆም ብለው ጭንቅላቴን ያያሉ። የማኅበሩ ሰዎች ድንኳኑን ነቅለው ሲሄዱ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም፤ እኔ የዋሸኋቸው ይመስል። ዳቦዬን የሚገዙኝም አንሰዋል፤ ስለ ሊጡ ማን እንደነገራቸው አቶ መለሰ ያውቃል።

ከደሴ የተጻፈ ደብዳቤ ገና አላየሁም፣ ጽፈህም እንደሆነ አላውቅም። እኔ የምልህ አንድ ነው። የጌጡ እናት አንድ ነገር ከሆነች ወንድም የለኝም። ይኼን አስቤበት ነው የምለው፤ ተናድጄ አይደለም። እናቴ ከሞተች ወዲህ እናት ብዬ የጠራሁት እሷን ነው። ደላንታ ደርሰህ እስክታያት ምንም አትጻፍልኝ። ስትጽፍም መጀመሪያ «አለች» ወይም «የለችም» በል። ሰላምታ አልፈልግም። ቀልድ እንዳይገባበት።

ስንቅነሽ።

(ጸሐፊው መለሰ፦ ወዳጄ፣ እኔ ሥርዓቱን ነው የጠበቅሁት። አባቴም ቢሆን ከዚያ ገጽ አያልፍም ነበር። ደግሞም በዚያ ክረምት አዋሽ ነበርኩ።)


ደላንታ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1959 ዓ.ም.

አለች።

እንዳዘዝሽኝ አስቀደምኩት። አሁን ሰላምታ ይፈቀድልኝ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤሽ ከደሴ በገበያተኛ እጅ ትናንት ደረሰኝ። ሰማች ወይስ አልሰማችም ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁ፤ ልንገርሽ።

በላይ እዚህ ሲደርስ እንደ ደንቡ ወደ እሷ አልሄደም። ወደ አባ አለሙ ሄደ፤ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። አባ አለሙም ሰው ሰብስበው መከሩ። ገብሷ አልታጨደም፤ የጽዮን ማርያምን ዝክሯን አላወጣችም። ይኼን ሐዘን ከሰማች እህሉም ዝክሩም ይቀራል፤ ስለዚህ እህሏ ይግባላት፣ ዝክሯን ታውጣ፣ ከዚያ በንጋት እንነግራታለን ተባባሉ። በላይንም እንዳታየው አባ አለሙ ጓዳ ደበቁት። እኔ ስደርስ እዚያው ጓዳ፣ ከዶሮዎቹ ጋር ነው ያገኘሁት።

«ጌጡ አልሞተም» አልኳቸው። አባ አለሙ አተኩረው አዩኝ። «አንተ እሸቴ አይደለህም? ልጅ ሳለህ ቤትዎ ተቃጠለ ብለህ ከማኅበር ያስነሣኸኝ?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። «እሺ፤ እግዚአብሔር ያጽናህ፤ ሐዘን አእምሮህን ነክቶታል» ብለው እኔንም ከበላይ ጋር ጓዳ ከተቱኝ። ማልኩ፣ ተገዘትኩ፣ ማርያምን ጠራሁ። በላይ እንኳ ያለቅሳል እንጂ አይሰማኝም። «ልጁ እኮ በጣም ይወደው ነበር» እያሉ ምሳ አመጡልኝ።

በእነሱ አልፈረድኩም። ግን የንጋቱ ቀጠሮ ሲቀርብ፣ እውነት ይዤ ጓዳ ውስጥ ከዶሮ ጋር መቀመጥ ምን እንደሆነ አንቺ ብታዪኝ ልብሽ ይራራ ነበር።

ጋሼ ጌጡ ደሴ መቆየት አልቻለም። ተነሥቶ መጣ። የዚያን ቀን መንደሩ በሙሉ የእማማ ሸጊቱን ገብስ ሊያጭድላት ወጥቶ ነበር። ሳትጠራቸው፣ ጠላ ሳትጠምቅላቸው። እሷ ከማሳው ዳር ተቀምጣ «ዘንድሮ ሰው ምን ነካው? ሁሉ ደግ ሆነ!» እያለች ትመርቃቸዋለች። እነሱም አቀርቅረው ያጭዳሉ፤ ቀና ብሎ ያያት የለም። በዚህ መሐል ዳገቱን በቅሎ ወጣች፤ ግራና ቀኟ ላይ ጥቁር ቆርቆሮ እንደ ክንፍ ታስሮባት፣ ከኋላዋ ባልሽ።

ማጭዱ ሁሉ ከእጅ ወደቀ። ሴቶቹ ኡኡ አሉ፤ ወንዶቹ አንዱ ተንበረከከ፣ አንዱ ሮጠ፣ አንዱ መሬት ሳመ። እኔ ጩኸቱን ሰምቼ በመስኮት ዘልዬ ስደርስ እማማ ሸጊቱ በበትሯ ተደግፋ ቆማለች። «እናንተ! ምን ሆናችሁ? ልጄ እኮ ነው የመጣው!» ትላለች። «ምን ያስለቅሳችኋል?» አባ አለሙ ዓይናቸውን ጠርገው «ናፍቆን ነው፣ እመት ሸጊቱ» አሏት። «ጉድ እኮ ነው» አለች፤ «እኔ እናቱ እንኳ እንዲህ አልናፈቀኝም።»

አልሰማችም እትዬ። እስካሁን አልሰማችም። አባ አለሙ የዚያኑ ዕለት መንደሩን ሰብስበው ማንም ትንፍሽ እንዳይል ገዘቱ። ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። አንቺም ስትመጪ በሻሽ ተከናንበሽ ነይ፤ ጸጉርሽን ምን አገኘው ካለችሽ ንዳድ ነው በያት። ጋሼ ጌጡ በገና ሊወስድሽ ይመጣል። እኔን ያናግረኛል፤ «ሚስማር አቀብለኝ» ይላል።

ጣሪያው ተሠራ። ቤቱ የሳር ክዳን ነውና ላዩ ላይ አልጫንነውም፤ በፀሐይ በኩል ጓዳው ላይ አስደግፈን አጋደምነው፣ አፉን ከነፋስ አዙረን፣ በሳር ገመድ ከታች ከድንጋይ ጋር አሰርነው። በርሜል እዚህ የለም፤ ጋሼ ጌጡ አፉን ከጓዳው ወለል እኩል፣ ጫፉን ከፍ አድርጎ ስለሠራው ሙቀቱ ራሱ ሽቅብ ወደ ቤት ይገባል። ቀትር ላይ እማማ ሸጊቱ እጇን ቀዳዳው ላይ አደረገችና «ይኼ ማነው የሚተነፍሰው?» አለች። ፀሐይ ናት አላት ባልሽ። እዚያው ተቀምጣ ውላ አላሳለችም። አልዋሽሽም፤ ደመና ሲመጣ ይቆማል፣ ሲመሽም እንደ በፊቱ ይበርዳል።

ትናንት ሰው ሁሉ ቤቷ ተሰብስቦ ሳለ ወደ እኔ ዞረች። «እሸቴ፣ አንተ ምነው እንዲህ ዝም አልክ? እስቲ ከዚያ ከጉደኛ ቀልድህ አንዱን» አለችኝ። አባ አለሙ ያዩኛል፣ በላይ ያየኛል፣ ጋሼ ጌጡ እንኳ ቀና አለ። አፌን ከፈትኩ። የለኝም እማማ አልኳት።

«ታሟል ይኼ ልጅ» አለች። የደከመች ሴት ብድግ ብላ፣ ፌጦ ወቅጣ፣ በጥብጣ፣ ጣሳውን እጄ ላይ አኖረች። «ጨልጠው» አለች። ጨለጥኩት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ አልፎ ወረደ፣ አላቆም አለኝ። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት አየ። እሷ ግን ጀርባዬን እየመታች «ፌጦ ነው፤ እንዲያ ያደርጋል» አለች።

እንግዲህ ነገሩ ይኼው ነው። ለሚጠይቅሽ ሁሉ ይኼን ያህል የሚወራ አይደለም በያቸው። ሰው አልሞተ፣ ሰው አልታመመ። ፌጦው ብቻ ትንሽ አቃጠለኝ።

እሸቴ።